የከተማ መንገድና እግረኛ

ከተማ ከቤትና ከመንገድ የተሠራ ነው። ቤቱ የባለቤቱ ሲሆን መንገዱ ግን የሁሉ ነው፤ የሁሉ የሆነ ነገርም ብዙ ጊዜ ጠባቂ ያጣል። ስለዚህ የከተማ መንገድ ለማን፥ በምን ልክና በምን ሥርዓት እንዲከፈል የሚያስቡና የሚወስኑ ሰዎች የያዙት ጉዳይ በቀላል የሚታይ አይደለም። ድንጋይና ሬንጅ ማንጠፍ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ከተነጠፈው ላይ ለእግረኛ ይህን ያህል ክንድ፥ ለቢስክሌት ይህን ያህል፥ ለአውቶቡስ ይህን ያህል፥ ለግል አውቶሞቢል ይህን ያህል ብሎ ማካፈል ግን ፍርድ መስጠት ነው። ፍርድ በሚሰጥበትም ስፍራ ሁሉ የሚጠቀምና የሚጐዳ ወገን መኖሩ የታወቀ ነው።

መንገድ የሚለው ቃል ራሱ «ነገደ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው። ነገደ ማለት ተጓዘ፥ ካገር ወዳገር ሄደ፥ ሸቀጥ ይዞ ዞረ ማለት ነው። እንግዲህ እንደ ቋንቋው ምስክርነት መንገድ ስሙን ያገኘው ከሚሄደው ሰው እንጂ ከሚነዳው ሠረገላ አይደለም። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ/ም አዲስ አበባ በገባ ጊዜ መንገዱን ቀድመው ይዘውት የነበሩት እግረኛው፥ ፈረሰኛውና የጭነት ከብቱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን እንግዳው ባለቤት፥ ባለቤቱም እንግዳ እየሆነ መጣ። ዛሬ እግረኛው የገዛ መንገዱን ለመሻገር ግራና ቀኝ እያየ፥ እጁን ከፍ አድርጎ እየለመነ ይሮጣል።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የሆነ አይደለም። በሀብትና በጥበብ ከፍ ያሉ አገሮችም በዚሁ መንገድ ሄደው፥ ብዙ ሰው ካለቀባቸው በኋላ ነው የተመለሱት። እንዴትስ ተመለሱ? ማንስ መለሳቸው? ይህን መርምሮ ማወቅ የከተማ ሥራ ለተሰጠው ሁሉ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሕፈት የውጭ አገር ነገር በሚነገርበት ስፍራ ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።)

ብዙ ሰው የሆላንድ ሕዝብ ከናቱ ማሕፀን በቢስክሌት ላይ ተቀምጦ የወጣ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሀብት ሲበዛ በሆላንድም አውቶሞቢል በዛ፤ ቢስክሌትም የድኻና የኋላ ቀር ነገር እየተባለ ተናቀ። በ1954 ዓ/ም የአምስተርዳም የፖሊስ አለቃ የነበሩት ካስያገር ከከተማው የጥንት የውሃ ቦዮች አንዳንዶቹ ተደፍነው ለአውቶሞቢል መተላለፊያና ማቆሚያ ይሁኑ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። በ1967 ዓ/ም ደግሞ ዮኪነን የሚባል አሜሪካዊ፥ የአውቶሞቢል ወገን በሆነ ማኅበር ተጠይቆ፥ የሠራተኞችን ሰፈር አፍርሶ እስከ ከተማው እንብርት የሚደርስ ሰፊ መንገድ ለማውጣት ፕላን ነደፈ። ሁለቱም ሐሳቦች በሕዝቡ ተቃውሞ ሳይፈጸሙ ቀሩ። ዛሬ የዓለም ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሊያየው የሚሄደው ቦይ በዚያን ጊዜ በአፈር ሊሞላ የታሰበው ነው።

ዳሩ ግን ቦዩ ቢተርፍ ሰው አልተረፈም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሆላንድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞቱ ነበር፤ ከነዚህም ውስጥ ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። በዚህ ጊዜ ቪክ ላንገንሆፍ የሚባሉ የጋዜጣ ሰው ልጃቸው ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በአውቶሞቢል ተገጭታ ሞተችባቸው። አባትየው ኀዘናቸውን በልባቸው ይዘው አልተቀመጡም። በ1972 ዓ/ም በሚጽፉበት ጋዜጣ ላይ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ርእስ ሰጥተው ጻፉ። አደጋ የሚለውን ለስላሳ ቃል ትተው ግድያ ማለታቸው ሕዝቡን አስደነገጠው። ሰው የሞተበትን ነገር በትክክለኛ ስሙ መጥራት የመፍትሔው መጀመሪያ ሳይሆን አይቀርም።

ከጽሑፉ ወዲያ በዚያው ስም አንድ ማኅበር ተቋቋመ። የመጀመሪያዋ መሪ ማርትየ ፋን ፑተን በዚያን ጊዜ ወጣት እናት ነበሩ፤ ኋላ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ለመሆን በቅተዋል። የማኅበሩ ሰዎች መሣሪያ አላነሡም፥ ንብረትም አላቃጠሉም። ሰው በሚሞትበት መጋጠሚያ ላይ ተቀመጡ፤ አንዳንዱን መንገድ ለአውቶሞቢል ዘግተው ልጆቻቸውን አጫወቱበት፤ ገበታ አውጥተው በመንገዱ መካከል ምሳቸውን በሉ። ሕፃናትን አስከትለው በቢስክሌት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ዮፕ ደን ኦይል ቤት ሄደው በደጃቸው መዝሙር ዘመሩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ወጥተው ሰሟቸው። የሚሰማ ሹም መኖሩን እንደ ትንሽ ነገር ማሳለፍ አይገባም። እናቶች ቢጮኹና የሚሰማቸው ቢያጡ ኖሮ ነገሩ ጩኸት ሆኖ በቀረ ነበር።

በዚያው በ1973 ዓ/ም የነዳጅ ዘይት ችግር ሆነና መንግሥቱ ከኅዳር መባቻ እሑድ ጀምሮ እሑድ እሑድ አውቶሞቢል እንዳይነዳ ከለከለ። ሕዝቡ በሰፊው አውራ ጐዳና ላይ በእግሩና በቢስክሌቱ ወጣ፤ ለጥቂት ሳምንት የተደረገው ነገርም ከተማ ያለ አውቶሞቢል ጩኸት ምን እንደሚመስል ለሁሉ አሳየ። በዴልፍት ከተማም አውቶሞቢል በሰው እርምጃ ልክ ብቻ እንዲሄድበት የተደረገ የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ተፈጠረ፤ በ1976 ዓ/ም በሕግ ጸና። በ1975 ዓ/ም የቢስክሌተኞች ኅብረት ተመሠረተ፤ አባሎቹም አደገኛ የሆነውን ስፍራ በየሰፈሩ እየዞሩ መዝግበው ለየማዘጋጃ ቤቱ ያቀርቡ ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው። የሆላንድ መንግሥት በ1970ዎቹ እኩሌታ በሄግና በቲልቡርግ ከተሞች እጅግ ያማሩ፥ ሰፋፊና በቀይ የተነጠፉ የቢስክሌት መንገዶችን ለሙከራ አሠራ። በነዚህ መንገዶች ላይ የቢስክሌት ቍጥር ጨመረ፤ በጠቅላላው በከተማው ግን በቢስክሌት የሚሄደው ሰው እምብዛም አልበዛም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሰው ከቤቱ ተነሥቶ እስከ ሥራው የሚሄድ እንጂ ከአንድ ያማረ መንገድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ የሚሄድ አይደለም፤ ከመንገዱ ሲወጣ ወዲያው ከአውቶሞቢል መካከል የሚገባ ከሆነ መጀመሪያውኑ ቢስክሌቱን ከቤት አያወጣም። ይህን ያዩት የዴልፍት ከተማ ሰዎች በ1980ዎቹ ያንኑ ያህል ያላማረ፥ ነገር ግን ሳይቋረጥ ከሰፈር ወደ ሰፈር እንደ መረብ የተያያዘ መንገድ ሠሩና ተሳካላቸው። ዛሬ በሆላንድ ከሚደረገው ጉዞ ሁሉ ከሩብ የሚበልጠው በቢስክሌት ነው፤ የቢስክሌቱም ቍጥር ከሕዝቡ ቍጥር ይበልጣል። ያን ጊዜ በዓመት ከ3,000 በላይ የነበረው የመንገድ ሞት፥ የሕዝቡም የአውቶሞቢሉም ቍጥር እጅግ ጨምሮ ሳለ፥ ከ2022 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት በያመቱ ከ750 በታች ነበር።

ከዚያው አገር አንድ ሌላ ነገር ለጨዋታም ለትምህርትም ይነሣ። በ1965 ዓ/ም ሉድ ስኺመልፔኒንክ የሚባል ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጥቂት ቢስክሌቶችን ነጭ ቀለም ቀብቶ፥ ማንም የፈለገ ሰው ይሂድባቸው፥ ሲደርስም ለሌላው ይተዋቸው ብሎ ያለ ቍልፍ በአምስተርዳም መንገድ ላይ አቆማቸው። ፖሊስ መጥቶ ያልተቈለፈ ቢስክሌት ሌባን ይጋብዛል በማለት ሰብስቦ ወሰዳቸው። ሐሳቡ የእብድ ሐሳብ ተባለ። በ2007 ዓ/ም የፓሪስ ከተማ ይህንኑ ሐሳብ በቍልፍና በሒሳብ አደላድሎ በሺህ የሚቈጠሩ ቢስክሌቶችን ለሕዝብ አቀረበ፤ ከዚያም ብዙ ከተሞች ተከተሉት። በመጀመሪያ የሚያስቅ ሐሳብ ሁሉ የማይረባ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሆላንድ ሀብታም አገር ነው፥ ሜዳም ነው፤ ለኛ አገር ምሳሌ አይሆንም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሰው የኮሎምቢያን ዋና ከተማ ቦጎታን ማሳየት ይገባል። ቦጎታ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ የሆነ ከአዲስ አበባም ከፍ ያለ ከተማ ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው፤ ድኻውም ብዙ ነው። በታኅሣሥ 1974 ዓ/ም ጥቂት የቢስክሌት ወዳጆች የከተማውን ትላልቅ መንገዶች ለጥቂት ሰዓት ለአውቶሞቢል አዘግተው ሕዝቡን በቢስክሌትና በእግር አወጡት። ያ ነገር እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በየእሑዱና በየበዓሉ ከማለዳ እስከ ቀትር በኋላ ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ለሰው ይለቀቃል። ሀብታሙና ድኻው በአንድ መንገድ ላይ በአንድ ዐይነት ልብስ ሆነው የሚታዩበት ቀን ከዚህ ሌላ በከተማው ብዙ የለም ይባላል።

በዚያ ከተማ አንታናስ ሞኩስ የሚባሉ የፍልስፍና መምህር በ1995 ዓ/ም ከንቲባ ሆነው ተሾሙ። እኒህ ሰው ነጂውና እግረኛው ሕግ አላከብር ቢሉ ፊታቸውን ነጭ የተቀቡና ቃል የማይናገሩ ተጫዋቾችን በየመጋጠሚያው አቆሙ። ተጫዋቾቹ በእግረኛ መሻገሪያ ላይ መኪናውን ያቆመውን ነጂ ገንዘብ አይቀጡትም፥ አያስሩትም፤ ያሾፉበት ነበር። ሰው ከቅጣት ይልቅ ዕፍረትን ይፈራል የሚለው የመምህሩ ግምት ብዙ ቦታ ሠራ። ይህ ዘዴ በየአገሩ ይሠራል ማለት አይቻልም፤ የኢትዮጵያ ሰው ግን ይሉኝታን እንደሚያውቅ የታወቀ ነው።

ከርሳቸው በኋላ በ1998 ዓ/ም ከንቲባ የሆኑት ኤንሪኬ ፔኛሎሳ ነገሩን በብረትና በድንጋይ አጸኑት። በከተማው ውስጥ ባለጠጎች አውቶሞቢላቸውን በእግረኛ መንገድ ላይ ማቆም እንደ መብት አድርገው ይዘውት ነበር። ከንቲባው በመንገዱ ጠርዝ ላይ አጫጭር ምሰሶ አስተክለው ከለከሏቸው፤ ቍጣውም እጅግ በረታና ከሹመታቸው ለማስወረድ የተነሡ ሰዎች ነበሩ። እርሳቸው ግን አልተመለሱም። ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የቢስክሌት መንገድ አሠሩ፤ በታኅሣሥ 2000 ዓ/ምም ለብቻው በተከለለ መንገድ የሚሄድ የአውቶቡስ አገልግሎት አስከፈቱ። በዓመት አንድ ቀን የግል አውቶሞቢል በከተማው እንዳይንቀሳቀስ የሚለውንም ነገር በራሳቸው ሥልጣን ብቻ አላጸኑትም፤ በ2000 ዓ/ም ለሕዝብ ድምፅ አቅርበው ሕዝቡ አጸደቀው። እርግጥ ነው፥ የቦጎታ አውቶቡስ ከጊዜ በኋላ ሕዝብ በዝቶበት፥ ግፊያና ሮሮ አልተለየውም። ከተማው እያደገ ሲሄድ አገልግሎቱ በዚያው ልክ ካላደገ የትናንቱ መልካም ሥራ ዛሬ አይበቃም።

በነዚህ ሁሉ አገሮች ሥራውን የጀመረው የተለያየ ሰው ነው፤ በአንዱ ኀዘንተኛ አባት፥ በአንዱ ወጣት እናት፥ በአንዱ ከንቲባ። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ግን አንድ ሊቅ እርሳስና ወረቀት ይዞ በመቍጠር ጀመረ። ከተማው በኅዳር 1962 ዓ/ም ትልቁን የንግድ መንገዱን ለአውቶሞቢል ዘግቶ ለእግረኛ ሲለቅ ነጋዴዎቹ ገበያችን ጠፋ ብለው ፈርተው ነበር፤ ፍርሃታቸውም እንዳልደረሰ ዓመታቱ አሳዩ። ያን ጌል የሚባሉት የሕንፃ ሊቅ በዚያ መንገድ ላይ እየቆሙ በሰዓት ስንት ሰው እንደሚያልፍ፥ ስንቱ እንደሚቀመጥ፥ የት ቆሞ እንደሚነጋገር ይጽፉ ነበር። ወደዚህ ሐሳብ የመራቻቸው የነፍስ ትምህርት ሊቅ የሆነችው ባለቤታቸው ናት፤ የሕንፃ ሊቃውንት ስለ ሕንፃው ብዙ ሲናገሩ ስለ ሰው ለምን አታስቡም እያለች ትጠይቃቸው ነበር ይባላል። ከዚያ በፊት ማዘጋጃ ቤቶች አውቶሞቢሉን በየመጋጠሚያው ይቈጥሩ ነበር፤ እግረኛውን ግን የሚቈጥር አልነበረም። ያልተቈጠረ ደግሞ በበጀት ውስጥ አይገባም። ጌልና ተከታዮቻቸው የእግረኛውን ቍጥር ይዘው በማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጡ ጊዜ ሹማምንቱ የሚከራከሩበት ሌላ ነገር አገኙ።

ቍጥር ከተነሣ አንድ መጨመር ነው። የአሜሪካ ከተሞች የትራንስፖርት ሹማምንት ማኅበር እንዳስታወቀው፥ ስፋቱ 3 ሜትር ገደማ የሆነ አንድ መሥመር ለግል አውቶሞቢል ቢሰጥ በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል፤ ያው መሥመር ለቢስክሌት ቢሰጥ 7,500፥ ለእግረኛ ቢሰጥ 9,000 ሰው ለማሳለፍ ይችላል። መንገድ ጠበበ እየተባለ የሚሰማው ቅሬታ እውነት ነው፤ ያጠበበው ማን እንደ ሆነ ግን ይህ ሒሳብ ይመሰክራል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በዋናው ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ሁሉ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው፤ ከቀረውም አብዛኛው በአውቶቡስና በታክሲ ነው። በግል አውቶሞቢል የሚሄደው ከሁሉ ያነሰው ወገን ነው። በአውቶቡስና በታክሲ የሚሄደውም ቢሆን ከቤቱ እስከ ፌርማታው፥ ከፌርማታው እስከ ሥራው እግረኛ ነው። በ2010 ዓ/ምና በ2011 ዓ/ም በከተማው በያመቱ ከ400 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞተ፤ ከሟቾቹም ከግማሽ በብዙ የሚበልጡት እግረኞች ነበሩ። እነዚህም መንገድ ሲሻገሩ፥ ወይም የእግረኛ መንገድ አጥተው ወይም ተዘግቶባቸው ከአውቶሞቢሉ ጋር በአንድ መሥመር ሲሄዱ የሞቱ ናቸው። የሚሞተው ብዙውን ጊዜ የቤቱን እንጀራ የሚያመጣው ሰው መሆኑን፥ ከርሱም ጋር የአንድ ቤት ኑሮ እንደሚፈርስ ጐረቤት ሁሉ ያውቃል።

ይህን መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቱ ሳያዩት አልቀሩም። በ2011 ዓ/ም «መንገድ ለሰው» የተባለው የእሑድ ቀን ተጀመረ፤ በዚያም ቀን ትላልቅ መንገዶች ለአውቶሞቢል ተዘግተው ሕፃናት ኳስና ቢስክሌት ሲጫወቱባቸው ታየ። ስሙን ያወጣው ሰው የቃሉን ምንጭ አስቦ ይሁን ሳያስብ አይታወቅም፥ ነገር ግን ስሙ ከነገሩ ጋር ተስማምቷል። ከተማውም ስለ እግረኛና ስለ ቢስክሌት የ10 ዓመት ስልት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2019 እስከ 2028 ዓ/ም የሚደርስ፥ አስጠንቶ አወጣ። ከ2016 ዓ/ም ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩት መንገዶች ሰፊ የእግረኛ መንገድ፥ የተለየ የቢስክሌት መሥመር፥ መብራትና መቀመጫ ያላቸው ናቸው። በማታ ቤተ ሰቡን ይዞ የሚንሸራሸረው ሰው ብዛት ይህ ነገር ምን ያህል ተናፍቆ እንደ ነበረ ያሳያል። ሥራው ምስጋና የሚገባው ነው።

ምስጋናው ከተሰጠ በኋላ የሚታሰበው የቀረው ነው። የሄግና የቲልቡርግ ነገር እዚህ ላይ ይታወስ። ያማረው መንገድ በሚያልቅበት ስፍራ፥ ከዋናው ጐዳና ወደ ሰፈር በሚታጠፈው መንገድ ላይ፥ እግረኛው ዛሬም ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጕድጓድ፥ የሕንፃ አሸዋና ጠጠር፥ በእግረኛ መንገድ ላይ የቆመ አውቶሞቢል ያገኛል። በክረምት ጐርፍ ጕድጓዱን ሲሸፍነው አደጋው ከዐይን ይሰወራል፤ ዐይነ ስውርና ሽማግሌ፥ ጭነት የተሸከመችም ሴት የት እግራቸውን እንደሚያሳርፉ አያውቁም። ቢስክሌት የያዘውም ወጣት ከተከለለው መሥመር ሲወጣ በሚኒባስና በከባድ መኪና መካከል ይገባል። ስለዚህ የሚመጣው ሥራ ከማማር ይልቅ በመያያዝ ቢመዘን ይሻላል። አንድ ትልቅ ጐዳና ለማስጌጥ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለሰፈር ውስጥ መንገድ፥ ለጕድጓድ ክዳንና ለመሻገሪያ ቢውል የሚያድነው ነፍስ ብዙ ነው።

ከ2008 ዓ/ም ጀምሮ የሚሠራው የቀላል ባቡር ሐዲድም ለብዙ ሺህ ሰው በርካሽ ዋጋ መጓጓዣ ሆኗል፤ ሐዲዱ በምድር ላይ በሚያልፍበት ስፍራ ግን በአጥር ስለ ተከለለ ማዶ ለማዶ የሚተያዩ ሰፈሮች ለመገናኘት ርቀው የሚዞሩ ሆኑ። ፕላኑን የሠሩት ሰዎች ባቡሩን አስበው እግረኛውን እንደ ረሱት ይታያል። እግረኛውም በበኩሉ መዞሩ ሲረዝምበት አጥር ይዘላል፤ ድልድይ ላይ ከመውጣትም በመኪና መካከል መሮጥን ይመርጣል። ይህን እንደ ስንፍናና እንደ አለመሠልጠን ቈጥሮ መገሠጽ ቀላል ነው። ነገር ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ፥ ሸክም ይዞ፥ ስድሳ ደረጃ ወጥቶ ስድሳ የሚወርደው ሰው ገሣጩ አይደለም። መሻገሪያው በምድር ላይ፥ መብራቱም ሽማግሌ ሰው ለመሻገር በሚበቃው ጊዜ ልክ ቢሆን፥ አውቶሞቢሉ ጥቂት ይቆማል እንጂ አይደክምም።

ሌላው ነገር የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ/ም በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሏ ሌላ አገር ቀድሞ ያልደፈረው ነገር ነው፤ ለአየሩም ለውጭ ምንዛሪውም የሚጠቅም መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄደው አውቶሞቢል የሚይዘው ስፍራ በነዳጅ የሚሄደው የሚይዘውን ያህል ነው፤ የገጨውም ሰው ያው ይሞታል፤ እንዲያውም ድምፅ ስለሌለው እግረኛው ሲመጣ አይሰማውም። እንግዲህ የሞተሩን ዐይነት መለወጥና መንገዱን በትክክል ማካፈል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና አንዱ በሌላው ስም ሊቀር አይገባም።

አዲስ አበባ ዳገታም ናት፥ ለቢስክሌት አትመችም የሚለው ክርክር በከፊል እውነት ነው። ከእንጦጦ ሥር ወጥቶ የሚመለስ ሰው እስትንፋሱ ያውቀዋል። ነገር ግን ከመሐል ከተማ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የተዘረጋው አዲሱ ከተማ አብዛኛው ለጥ ያለ ነው፤ ባትሪ ያለው ቢስክሌትም ዳገቱን ቀላል አድርጎታል። ባሕር ዳር ደግሞ ቢስክሌትን ከማንም ሳይማር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይዞ የኖረ ከተማ ነው፤ ተማሪው፥ የመንግሥት ሠራተኛውና ነጋዴው ይነዳዋል። እንዲህ ያለውን የቆየ ልማድ ጠብቆ ማቆየት አዲስ ከማስለመድ እጅግ ይቀላል፤ ዳሩ ግን ከተማ ሲያድግና መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚገፋው ቢስክሌተኛው ነውና የየከተማው ማዘጋጃ ቤት ይህን ሳይጠፋበት ቢያስብበት መልካም ነው። የሆላንድ ሰዎች ያጡትን ለመመለስ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው የርቀት ነገር ነው። መንገድ ሲሰፋና ከተማ ሲታደስ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር የሄደ ብዙ ሰው አለ። ቀድሞ በእግሩ በሩብ ሰዓት ሥራው ይደርስ የነበረ ሰው ዛሬ ሁለት ታክሲ ይለውጣል፤ ደመወዙም ሳይጨምር የመንገድ ወጪው ጨመረ። ለእግረኛ ተብሎ የተሠራ መንገድ እግረኛውን ራሱን ካራቀው ሐሳቡ ጐደለ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ሰፈር በሚሰጥበት ስፍራ ሁሉ ቤቱ ከመሰጠቱ በፊት አውቶቡሱ፥ ትምህርት ቤቱና ገበያው በእግር በሚደረስበት ርቀት እንዲገኙ ማድረግ የመንገድ ሥራ እንጂ ሌላ ሥራ ተብሎ የሚተው አይደለም።

በመጨረሻ ስለ መንገድ በሚመከርበት ጠረጴዛ ማን ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። የታክሲ ባለንብረቱ ማኅበር አለው፤ የጭነት መኪና ባለቤቱ ማኅበር አለው፤ ነጋዴውም ምክር ቤት አለው። እግረኛው ከሁሉ የበዛ ሲሆን ማኅበር የለውም፤ ሁሉም ሰው እግረኛ ስለ ሆነ ማንም ራሱን እግረኛ ብሎ አይጠራም። በሆላንድ ይህን ክፍተት የሞሉት እናቶች ናቸው። በአዲስ አበባም በየትምህርት ቤቱ የወላጅና የመምህራን ኅብረት አለ፤ ልጁን በየማለዳው እጁን ይዞ የሚያሻግር ወላጅ የትኛው መጋጠሚያ እንደሚያስፈራ፥ የትኛው ጕድጓድ ክፍት እንደ ሆነ ከመሐንዲሱ ይልቅ ያውቃል። ማዘጋጃ ቤቱ እነዚህን ኅብረቶች ጠርቶ ቢጠይቃቸው፥ በየትምህርት ቤቱም በር በሰዓት ስንት ሕፃን በእግሩ እንደሚሻገር ቢያስቈጥር፥ ቍጥሩንም ለሕዝብ ቢያስታውቅ፥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የአሥሩ ዓመት ስልት ዘመኑን ሳይጨርስ ይህ ቆጠራ ቢደረግ ለሚቀጥለው ስልት መሠረት ይሆናል፤ በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈትም ቆጠራውን ከዚያው በር መጀመር ይቻላል።